ሁሉም ሰው የሚጥሰው ሕግ ይሻር?

«ሁሉም ሰው እኮ የሚያደርገው ነገር ነው።» ስለ ሕግ በተወራ ቁጥር ይህ አባባል አይጠፋም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ይታወቃል፦ «ታዲያ ለምን ይከለከላል?» እኔ ይህን ክርክር እንዲሁ ማለፍ አልችልም። ሕዝብ በጅምላ እምቢ ያለውን ክልከላ በግድ ማቆየት ጉዳት አለው፤ ይህን አምናለሁ። ብዙ ሰው የሚጥሰው ሕግ ሁሉ ይነሣ ሲባል ግን ያስፈራኛል። ለምን እንደሚያስፈራኝ ላስረዳ።

በአሜሪካ የመንገድ መሐንዲሶች ዘንድ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ አንድ ዘዴ አለ። የአንድን መንገድ የፍጥነት ወሰን ለመወሰን ሲፈልጉ፣ በመጀመሪያ ሾፌሮች መንገዱ ክፍት ሲሆንላቸው በስንት እንደሚነዱ ይለካሉ። ከ100 ሾፌሮች 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት ይወስዳሉ። ወሰኑንም እዚያው አካባቢ ያደርጉታል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ሾፌር ጤነኛ ሰው ነው፣ መሞት አይፈልግም፣ መንገዱን አይቶ ይመዝናል። አብዛኛውን ሰው ጥፋተኛ የሚያደርግ ወሰን ደግሞ ሰሚ አያገኝም።

ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ የሚሆን ታሪክም አለ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1974 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ አሜሪካ በመላ አገሪቱ ፍጥነት ከ55 ማይል እንዳያልፍ ደነገገች። በእኛ መለኪያ 88 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ላይ ይህን የሚያከብር ሾፌር ብርቅ ሆነ። ጥሰቱ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነበር። በ1987 ከከተማ ውጭ ላሉ አንዳንድ መንገዶች ወሰኑ ላላ። በ1995 ደግሞ ሕጉ ራሱ ተነሣ።

እስከዚህ ድረስ አልከራከርም። ግን ያንን የ85ቱን ልኬት አንድ ጊዜ ደግመን እናስበው። ማንን ነው የሚቆጥረው? ሾፌሩን ብቻ። እግረኛው እዚያ ውስጥ የለም። መኪናው ስለሚከንፍ መንገዱን መሻገር የተወች አሮጊት የለችም። ልጁን በእግሩ ትምህርት ቤት መላክ የፈራ አባት የለም። ደግሞም ወሰኑ ከፍ ሲል ሰዉ በዚያው ልክ ይፈጥናል። በሚቀጥለው ልኬት ቁጥሩ እንደገና ይጨምራል። የሚጥሰው ሰው ሕጉን ይጽፋል፤ ጥሰቱ የሚያርፍበት ሰው ግን አስተያየቱን የሚጠይቀው የለም።

እኔን የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። «ብዙ ሰው አይታዘዝም» ስንል የቆጠርነው ጣሾችን ነው። ከጥሰቱ ማዶ ያለው ሰው ቆጠራው ውስጥ አይገባም።

ቢሆንም እምቢታ ሁሉ አንድ አይደለም። ሕዝቡ ትክክል ሆኖ ሕጉ የተሳሳተበት ጊዜ ብዙ ነው። በጣም የምወደው ምሳሌ የእንግሊዝ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በእንግሊዝ በሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ከ200 በላይ ነበሩ። ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ሰው ይሰቀላል ይላል ሕጉ። ከሕዝቡ መካከል ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡት ጁሪዎች ግን ሰው በዕቃ ምክንያት እንዲሰቀል አልፈለጉም። ምን አደረጉ? የተሰረቀው ዕቃ ግልጽ ሆኖ ብዙ ዋጋ እያለው «39 ሽልንግ ያወጣል» ብለው ይፈርዱ ነበር። አንዲት ሽልንግ አጉድለው ነፍስ ያተርፋሉ። መሐላ ፈጽመው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ግን አውቀው ይዋሻሉ።

ነገሩ እየከፋ ሄዶ በ1830 የባንክ ባለቤቶች ለፓርላማው አቤቱታ አቀረቡ። ሰነድ በማጭበርበር ወንጀል ላይ ያለው የሞት ቅጣት እንዲነሣ ለመኑ። ልብ በሉ፣ በዚህ ወንጀል ገንዘባቸውን የሚያጡት እነሱ ናቸው። ቅጣቱ ይቅለል ያሉት በርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ቅጣቱ ከመክበዱ የተነሣ ከሳሹም ጁሪውም ወደ ኋላ ይላል፤ አጭበርባሪውም በነፃ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጥሰቱ የሚያርፍባቸው ሰዎች ራሳቸው መጥተው «ይህ ሕግ አይጠብቀንም» አሉ። እንዲህ ያለ ምስክርነት ሲገኝ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ሕጉ መለወጥ ነበረበት፤ ቀስ በቀስም ተለወጠ።

የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል። በጥር 1920 በሥራ ላይ ዋለ፣ በታኅሣሥ 1933 ተሻረ። ክልከላው መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን እንጂ መጠጣትን በቀጥታ አልከለከለም። ያም ሆኖ ድብቅ መጠጥ ቤቱ በዛ፣ ወንበዴው በለጸገ፣ ፖሊሱ ጉቦ ለመደ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሣው «ሕዝብ እምቢ ካለ ሕግ ከንቱ ነው» ለማለት ነው። ሁለት ነገር ግን ይረሳል። አንደኛው፣ ክልከላው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ለዓመታት ከታገሉለት መካከል ባሎቻቸው ደመወዛቸውን ጠጥተው ገብተው የሚደበድቧቸው ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ክልከላው ሲነሣ ወዴት ሄዱ? ችግራቸው አልተነሣም። ሁለተኛው፣ ሕጉን የሻረው ጠጪው አይደለም። የሻረው ድምፅ ነው። በየክፍለ ግዛቱ ለዚሁ ጉዳይ ተብለው ተወካዮች ተመረጡ፣ ተሰብስበው መከሩ፣ ማሻሻያው ጸደቀ። ጥሰቱ ጥያቄውን አነሣ፣ መልሱን ግን ሕዝብ በአደባባይ ሰጠ። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው።

አሁን ደግሞ ለሌላኛው ወገን የምሰጠውን ከባዱን ነጥብ ላንሣ። ሁሉም የሚጥሰው ሕግ መጽሐፍ ላይ ሲቀር ዝም ብሎ አይተኛም። ሁሉም ጥፋተኛ ከሆነ ማን እንደሚያዝ የሚወስነው ያዡ ነው። ፖሊስ ያልወደደውን ያስቆማል፣ የወደደውን እያየ እንዳላየ ያልፋል። ባለሥልጣን የሚተቸውን ሰው ማጥቃት ሲፈልግ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ ሁሉም የሚጥሰውን አንዱን አሮጌ ሕግ ይመዝዛል። ሰውዬውም «አላደረግኩም» ማለት አይችልም። አድርጓልና።

ይህ ፍርሃት የሐሳብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ካናቢስ የተባለውን ዕፅ የሚያጨሱ ሰዎች መጠን ከጥቁሮችም ከነጮችም መካከል ተቀራራቢ ነው። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ2013 ባወጣው ሪፖርት ግን ካናቢስ ይዘሃል ተብሎ የመታሰር ዕድል ለጥቁሩ ከነጩ 3.73 እጥፍ ነበር። ሕጉ አንድ፣ ድርጊቱ አንድ፣ እጀ ሰንሰለቱ ግን እየመረጠ ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ «ማንም አይታዘዘውም፣ ስለዚህ ጉዳት የለውም» ብሎ መተው ለታሰረው ልጅ ስድብ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለረጅም ጊዜ አንድ አቋም ነበረኝ። የሞተ ሕግ ካለ ይቀበር፣ ሁሉም የሚጥሰው ሕግ ወይ ይከበር ወይ ይነሣ የሚል። ለዚህ ሐሳብ የጥንት ጠበቆችም አሉት። ሮማዊው የሕግ ሊቅ ዩልያኖስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕግ የሚሻረው በሕግ አውጪው ድምፅ ብቻ አይደለም ብሎ ነበር። ሁሉም ዝም ብሎ ተስማምቶ ከተወውም ይሻራል። ሕግ የሚጸናው ሕዝብ ስለተቀበለው ከሆነ፣ ሕዝብ ሲተወው ለምን አይወድቅም? ጥሩ ጥያቄ ነው።

ይህን አቋሜን ያናጋው የብራዚል ታሪክ ነው። ዘርዘር አድርጌ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏልና።

በኅዳር 1831 ብራዚል ሕግ አወጣች። ከውጭ ወደ ብራዚል የገባ ባሪያ ሁሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነፃ ነው አለች። ከጀርባው የእንግሊዝ ግፊት ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ንግዱ ቀዝቀዝ አለ። ቡና እየተስፋፋ ሲሄድ ግን የባለርስቱ ፍላጎት ገነፈለ፤ መርከቦቹም ተመለሱ። ነጋዴው አመጣ፣ ባለርስቱ ገዛ፣ ዳኛው ዝም አለ፣ የወደብ ሹሙ ድርሻውን ወሰደ። ከ1831 በኋላ ወደ ብራዚል የገቡት አፍሪካውያን በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። በሕጉ መሠረት እያንዳንዳቸው ነፃ ሰዎች ነበሩ። በተግባር ግን ተሸጡ፣ ተገረፉ፣ ልጆቻቸውም ባሪያ ተባሉ። ከዚህ የበለጠ በጅምላ የተጣሰ ሕግ ማግኘት ይከብዳል።

እናም ዛሬ የምንሰማው ክርክር ያኔም ተሰማ። በ1837 የባርባሴና ማርኪስ የተባሉ ሴናተር የ1831ዱን ሕግ የሚሽር ረቂቅ አቀረቡ። ባሪያ የገዙት ባለርስቶችም ከተጠያቂነት እንዲያመልጡ ያደርግ ነበር። እስቲ በዚያ ዘመን አእምሮ አስቡት። የአገሪቱ የተከበሩ ቤተሰቦች ሁሉ ጥፋተኞች ናቸው። ሁሉንም ማሰር አይቻልም። ሕጉ ሕግን ራሱን እያስናቀ ነው። ታዲያ ለምን አይነሣም? በ«ሁሉም ያደርገዋል» ሚዛን ከሄድን ይህን ክርክር የሚረታ መልስ አይገኝም።

ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የ1831ዱ ሕግ ማንም ሳያከብረው፣ ማንም ሳይሽረው መጽሐፍ ላይ ቆየ። የባሪያ ንግዱን በተግባር ያቆመው የ1850ው ሌላ ሕግ ነው፤ ያኔ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ብራዚል ወደቦች ድረስ ገብተው ነበር። ባርነቱ ግን ቀጠለ።

በዚህ መካከል ሉዊስ ጋማ የሚባል ሰው ብቅ አለ። በ1830 በሳልቫዶር ከተማ ከነፃ አፍሪካዊት እናት ተወለደ። በ10 ዓመቱ የገዛ አባቱ ሸጠው። ማንበብ የተማረው 17 ዓመት ከሆነው በኋላ ነው። ነፃነቱን አስመለሰ፣ ሕግ በራሱ አጠና፣ ያለ ዲግሪ በሳኦ ፓውሎ ፍርድ ቤቶች ጥብቅና ቆመ። የጨበጠው መሣሪያ ያ ሁሉም የሚንቀው የ1831 ሕግ ነበር። ዳኛ ፊት ይቀርብና ይህ ሰው ከአፍሪካ የመጣው ከ1831 በኋላ ነው፣ ሕጉ ደግሞ ነፃ ነው ይላል ብሎ ይከራከራል። ዳኛው ሕጉን ላይወደው ይችላል። አልተሻረም ግን። በዚህና በመሰል ክርክሮች ጋማ ከ500 በላይ ሰዎችን ነፃ እንዳወጣ ይነገርለታል። በ1882 ሞተ። ብራዚል ባርነትን ሙሉ በሙሉ ያስቀረችው ከ6 ዓመት በኋላ በ1888 ነው።

ያ ሕግ በ1837 ተሽሮ ቢሆን ጋማ ምን ይዞ ይቆም ነበር?

እዚህ ላይ ሁለቱ ሐሳቦቼ ተጋጩ። የካናቢሱ ሕግ ሁሉም እየጣሰው ሲቆይ ለጉልበተኛው ዱላ ሆነ። የብራዚሉ ሕግ ሁሉም እየጣሰው ሲቆይ ለደካማው ዱላ ሆነ። የጥሰቱ ብዛት በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ስለዚህ ብዛቱ ምንም አልነገረኝም። የሚነግረኝ ሕጉ ሲመዘዝ ማን እጅ ውስጥ እንደሚገባና ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው።

ጥያቄያችን ቃል በቃል ፍርድ ቤት የቀረበበት ጊዜም አለ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ደቡቡ በአብዛኛው እምቢ አለ። በ1957 በሊትል ሮክ ከተማ 9 ጥቁር ተማሪዎች ነጮች ብቻ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ የክፍለ ግዛቱ ገዥ ወታደር አሰልፎ አገዳቸው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ጦር ልከው አስገቧቸው። በማግሥቱ ዓመት የትምህርት ቤቱ ቦርድ ፍርድ ቤት ሄደና የሕዝቡ ቁጣ ከባድ ስለሆነ ነገሩ ለ2 ዓመት ተኩል ይቆይልን አለ። የሥር ዳኛውም ተስማማ።

ቦርዱ የጠየቀው ሕጉ ይሻር ብሎ እንኳ አይደለም። ሕዝቡ እስኪበርድለት ትንሽ እንታገሥ ነው ያለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም 1958 በሙሉ ድምፅ እምቢ አለ። የልጆቹ ሕገ መንግሥታዊ መብት ለሁከትና ለብጥብጥ ሲባል አይሠዋም አለ። ገዥው ከዚያ በኋላ የከተማዋን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ዓመት ዘጋቸው። ውሳኔው ዋጋ አስከፈለ። እኔ ግን ያ ፍርድ ቤት ቢያመነታ ኖሮ ምን ትምህርት ይተው እንደነበር አስባለሁ፤ በቂ ሰው አሰባስባችሁ በበቂ ጩኸት እምቢ ካላችሁ የ9 ልጆች መብት ይቆያል የሚል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ሕግን መጣስ ሁልጊዜ ነውር ነው ወደሚል ይሄዳሉ። እኔ እዚያ አልደርስም። ጋንዲም ሕግ ጥሷል። በመጋቢት 1930 ህንድ ውስጥ ከሳባርማቲ ተነሥቶ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዳንዲ የባሕር ዳርቻ ላይ ጨው አነሣ። የእንግሊዝ ሕግ ጨው የመሥራትና የመሸጥ መብትን ለመንግሥት ብቻ ሰጥቶ ድሃውን ጭምር ያስቀርጥ ነበር። በዚያ ዓመት የታሰረው ሰው ከ60 ሺህ በላይ ነው። ከሊትል ሮኩ ሕዝብ በምን ይለያል? ሁለቱም በጅምላ እምቢ ብለዋል።

ጋንዲ ከመነሣቱ በፊት ለእንግሊዙ ገዥ ደብዳቤ ጽፎ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ነግሮታል። የተደበቀ ነገር የለም። መታሰርም ቢመጣ ተቀብሏል። ከሁሉም በላይ ግን ጨው ያነሣ ሰው ሌላውም ሁሉ ጨው እንዲያነሣ ይፈልጋል። ግብር የሚያጭበረብር ሰው እንዲህ ማለት አይችልም። ሁሉም ቢያጭበረብር የሚነዳበት መንገድ፣ ልጁ የሚታከምበት ሆስፒታል የለም። እሱ የሚያተርፈው ሌላው ስለከፈለ ነው። ጉቦም እንዲሁ ነው። ጉቦ በተስፋፋበት ቦታ ሁሉ ሰዉ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ግን «ጉቦ በሕግ ይፈቀድ» ብሎ ሰልፍ የወጣ ሕዝብ አላውቅም። ሰጪው ራሱ እየሰጠ ይረግማል። እዚህ ላይ ጥሰቱ የሕዝብ ፈቃድ ምልክት አይደለም። ተስፋ የመቁረጥ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ «ሰዉ ስለማያከብረው ይነሣ» ማለት የተዘረፈውን ሰው ስለተዘረፈ ፈርመህ ስጥ እንደማለት ነው።

ይህ መለኪያ ብቻውን አይበቃም። የብራዚል ባለርስቶችም ሁሉም ባሪያ ቢገዛ ደስታቸው ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ መጨመር ግድ ይላል፤ ማን ላይ ያርፋል? የጨው ሕግ ሲጣስ የሚጎድለው የገዥው ካዝና ነው። የ1831ዱ ሕግ ሲጣስ የሚጎድለው ሰው ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ጥያቄዎች ተሰብስበው ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጡም። ሙዚቃ በኢንተርኔት መቅዳትን ውሰዱ። በ1999 ናፕስተር የተባለው የዘፈን መቀባበያ ሲመጣ ሚሊዮኖች ዘፈን በነፃ ይቀባበሉ ጀመር። የሚያጋራው ሰው ሌላውም እንዲያጋራ ይፈልጋል፤ ካልሆነ እሱም የሚያገኘው የለም። ጉዳቱ ደግሞ ሙዚቀኛው ላይ ያርፋል፣ ግን ተበታትኖ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ናፕስተር በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ። ሰዉ ወደ ሌላ ሄደ። ከ2003 ጀምሮ የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎችን ከሰሱ። ተማሪ ተከሰሰ፣ እናት ተከሰሰች። ቅጂው አልቆመም።

ቅጂውን ያቀዘቀዘው ሌላ ነገር ነው። በዚያው በ2003 አፕል አንድ ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። በ2008 ዘፈን በኢንተርኔት የሚያስደምጠው ስፖቲፋይ መጣ። መክፈል ከመስረቅ ይልቅ ቀላል ሆነ። ክልከላው ዛሬም መጽሐፍ ላይ አለ፤ አልተሻረም። የተለወጠው ሰዉ ሕጉን የሚያከብርበት መንገድ መገኘቱ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሕዝቡ እምቢታ የተናገረው ስለ ክልከላው ሳይሆን ስለ ሻጮቹ ነበር። ዘፈኑን በፈለገው ሰዓት፣ በሚችለው ዋጋ የሚሸጥለት አላገኘም። ሕጉን የመሻር ጥያቄ ላይ ብቻ የተጣበቀ ሰው ይህን አያየውም፤ ቅጣቱን ማክበድ ላይ የተጣበቀውም እንዲሁ።

እዚህም ቢሆን ከጥሰቱ ማዶ ያለው ሰው ጉዳዩ አልተዘጋም። ሙዚቀኛው አንድ ዘፈን በተደመጠ ቁጥር የሚደርሰው ክፍያ በጣም ትንሽ ነው ብሎ ዛሬም ይከራከራል። አድማጩም ኩባንያውም ተስማምተዋል፤ እሱ ግን ገና አልተስማማም። ስለ ሙዚቃ ቅጂ ሕግ ልከራከር ብነሣ የምጀምረው ከእሱ ቅሬታ ነው።